ሞተር ከማዘዝ በፊት

ማክዶኔል ዳግላስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረውን ባለሦስት ሞተር አውሮፕላን፣ ዲሲ-10ን፣ ለገበያው ሁሉ በአንድ ዓይነት አላቀረበም። ዲሲ-10-10ን ለአገር ውስጥ መንገድ፣ ዲሲ-10-30ን ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ ሠራ። ሜክሲኮ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ አየሯም ስስ ስለ ሆነ፣ ለዚያ አገር አየር መንገዶች የበረታ ሞተር ያለው ዲሲ-10-15 ተዘጋጀላቸው። የተሠራውም 7 ብቻ ነው።

አዲስ አበባ በከፍታ ከዚያች ከተማ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። እንግዲህ ጄኔሬተርና የናፍጣ ሞተር የምታስመጡ ክቡራን ነጋዴዎች፣ ዕቃው የሚሠራበት ከፍታ በማዘዣችሁ ላይ ይጻፍ፤ በቆላ የተለካ ኃይል በደጋ ይቀንሳልና። እኔም የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ ዋጋና ብዛት ብቻ ጽፈን ያስመጣነው ሞተር ደንበኛችንን ሲያሳዝን አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሻጩ አልነበረም። አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም፤ መዘንጋቱ ግን ደንበኛ ያሳጣል።