መጫኑ ይቅር አልልም፤ ፓፉ ግን ኪስ ውስጥ ይሁን



ነገሩ የሆነው ባለፈው ረመዷን ነው። ከዐስር ሶላት ተመልሰን ዶርም ስንገባ አንድ ወንድማችን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደረቱ ያፏጫል። በቀኝ አውራ ጣቱ የግራ እጁን አንጓ ከውስጥ በኩል ጥብቅ አድርጎ ይጫናል። አስም እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። «ፓፍህስ የት አለ?» ስንለው መናገር አቅቶት በጣቱ ብቻ «ቆዩ» አለን። ቆየን። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ ያ መቆየታችን ነው።

ከንፈሩ መጥቆር ሲጀምር ሻንጣውን በርብረን ፓፉን አወጣንና ሰጠነው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሐኪም። አልሐምዱሊላህ፣ መግሪብ ሳይደርስ ትንፋሹ ተመለሰ። በኋላ እንደነገረን፣ ፓፍ ጾም ያፈርሳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ነጥብ መጫን ደግሞ ከአፍ የሚገባ ነገር የለበትም። ስልኩ ላይ ባየው ቪዲዮም አንድ ሰውዬ ይህንኑ ነጥብ ሦስት ደቂቃ በመጫን አስምን «ማስቆም» እንደሚቻል ሲያስተምር ሰምቷል። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው።

አኩፕሬሸር የሚባለው ከቻይና የመጣ የቆየ ዘዴ ነው፤ የመርፌው ሕክምና፣ የአኩፓንክቸር፣ ወንድም ነው። በመርፌ ፋንታ ጣት ይጠቀማል። ለትንፋሽ ብለው የሚጫኗቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የእጅ አንጓ ውስጠኛው ክፍል፣ የደረት አጥንት መሐል፣ ከአንገት ሥር ጎላ ብሎ ከሚዳሰሰው አጥንት ግራና ቀኝ። ይህ የመጨረሻው «ዲንግቹዋን» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ማፏጨትን ማስቆም እንደማለት ነው። ቻይኖቹ ነገሩን የሚያብራሩት በሰውነት ውስጥ ይፈስሳል በሚሉት «ቺ» ነው። ይህን ማመን አይጠበቅብንም፤ እጁን የተጫነ ሰው ግን ዐቂዳው ተበላሸ የሚል ወንድም ካለ አብሽር እለዋለሁ፣ መታሸት መታሸት ነው።

ደግሞ እኛ የወሎ ልጆች ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለንም። ዋግምት የተደረገለት አያት የሌለው ማን ነው? ወጌሻ ቤት ያልሄደስ? እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ሳስል እናቴ ደረቴን በቅቤ አሽታ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር አቅምሳ ነው የምታስተኛኝ። በሐኪም እጅ ያልሆነ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ትምክህት የለኝም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «እንታከም ወይ?» ብለው ለጠየቋቸው የገጠር ሰዎች እንዲታከሙ መንገራቸውን ሁላችንም ተምረናል። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጥፋት ተጠያቂ መሆኑም በሐዲስ መጥቷል። ይሄኛውን ግን ቪዲዮ ስናጋራ ብዙም አናስታውሰውም።

ታዲያ መጫን ይጠቅማል ወይ? እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልንገራችሁ፤ እኔን ከቪዲዮው ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የአስም ሕሙማንን በተለያየ ቀን አራት ዓይነት ነገር አደረጉላቸው፦ እውነተኛ ሳልቡታሞል ፓፍ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፓፍ፣ የማስመሰያ አኩፓንክቸር፣ በአራተኛው ቀን ምንም። ከዚያ ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛ ሰውየው «ምን ያህል ተሻለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። እውነተኛውን ፓፍ ሲወስዱ 50 በመቶ፣ በባዶው 45 በመቶ፣ በማስመሰያው መርፌ 46 በመቶ ተሻለን አሉ፤ ምንም ባልተደረገላቸው ቀን 21 በመቶ። በስሜት ደረጃ እውነተኛውና የማስመሰያው እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ በመሣሪያ ሳንባቸው የሚያስወጣውን አየር ለኩ። በእውነተኛው ፓፍ 20 በመቶ ጨመረ። በሌሎቹ ሦስቱ፣ ምንም ያልተደረገበትን ቀን ጨምሮ፣ 7 በመቶ ገደማ ብቻ።

ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አስቡት። ሰው «ተሻለኝ» እያለ፣ ከልቡ እያለ፣ ቧንቧው ግን እንደጠበበ ሊቆይ ይችላል። ወንድማችን «ቆዩ» ያለን ዋሽቶ አልነበረም፤ በዚያች ደቂቃ የሚሻለው መስሎታል።

ምክንያቱም አስም ሲነሳ ውስጥ የሚሆነው ሦስት ነገር ነው፦ በአየር ቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታው ይወፍራል። ሳልቡታሞል ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። እብጠቱን የሚያበርደው ደግሞ በየቀኑ የሚወሰደው ሌላኛው ፓፍ፣ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው፣ ነው። ጣት ሁለቱንም አይተካም። ጣት ምናልባት የሚሠራው ሰውን ማረጋጋት ነው፤ ሲጨነቅ የሚቆራረጠውን ትንፋሽ ረጋ ማድረግ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታይዋን ተመራማሪዎች ባሳተሙት አነስተኛ ሙከራ፣ መደበኛ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ አኩፕሬሸር የደረቡ ሕሙማን የዕለት ኑሯቸው ቀለል እንዳላቸው ተናግረዋል። ልብ በሉ፣ ሳያቋርጡ ነው።

እኛ ያለንበት ቦታም ነገሩን ያከብደዋል። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የመጣ ሁሉ የጉጉፍቱን ብርድ አይረሳውም፤ እዚህም ለፈጅር ስትወጣ አየሩ ጉሮሮ ይቆርጣል። በውቂያ ሰሞን የገለባው ብናኝ አለ። ቤተሰብ ጋር ስትሄድ የኩበት ጭስ። ሐድራ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ እጣኑ፤ በረካውን ፈልገህ ገብተህ ደረትህን ታፍነህ ትወጣለህ። አንዳንድ ወንድሞችም ለጁሙዓ የሚቀቡት ሽቶ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአስመኛ የኋለኛው ሰፍ ድረስ ይደርሳል። ለእነዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፈጅር ላይ አፍንጫንና አፍን በጋቢ ወይም በሻርፕ ሸፍኖ መሄድ፣ ጭስ ያለበት ቤት በር አጠገብ መቀመጥ። አስተናጋጁን «እጣኑን ራቅ አድርጉልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

የጾሙ ጉዳይ ትልቁ ነው። ሸይኽ ኢብን ባዝና ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን የአስም ፓፍ ጾም አያፈርስም ብለዋል። ያፈርሳል የሚሉ ዑለማዎችም አሉ። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁምና ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ ጥያቄው ግን ከረመዷን በፊት ይጠየቅ እንጂ ደረት ሲታፈን አይደለም። ያፈርሳል የሚለውን ብትይዝ እንኳ ለበሽተኛ አፍጥሮ ቀዷ ማውጣት በቁርአን የተፈቀደ ነው። ታፍነህ ጹም ያለ አንድም ዓሊም የለም። በየቀኑ የሚወሰደው ፓፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጧትና ማታ ስለሆነ ሱሑርና ኢፍጣር ላይ ይገጥማል፤ ሐኪምህን አማክረህ አስተካክለው። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ሳልቡታሞል የሚያስፈልግህ ከሆነ ግን ጾምም ባይኖር ሐኪም ማየት አለብህ፤ አስምህ አልተያዘም ማለት ነው።

አሁን ለዶርም ጓደኞች። ሰው ሲታፈን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አታስተኙት፣ አትክበቡት። ፓፉን አራግፉ፣ አንድ ንፊት፣ አራት ጊዜ ይተንፍስ፤ እንዲህ እያለ እስከ አራት ንፊት። አራት ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙትና ወደ ሐኪም ሂዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካልቻለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን አራቱን ደቂቃም አትጠብቁ፣ ፓፉን እየሰጣችሁ መንገድ ጀምሩ። በመንገድ ላይ እጁን መጫን ከፈለገ ይጫን፣ ዱዓም አድርጉለት።

ብዙ ሰው ፓፉን ሲነፋ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ይቀራል። ለዚህ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች በሕፃናት ላይ ፈትነው፣ በአግባቡ የተዘጋጀ ጠርሙስ ከሚሸጠው መሣሪያ እንደማያንስ አሳይተዋል። የጠርሙሱን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ቀዳችሁ ፓፉን እዚያ ትሰካላችሁ፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ትተነፍሳላችሁ። በሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል በአየር ይድረቅ።

ለጀመዓችን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከበይቱል ማሉ ትንሽ ተቀንሶ መግዣ ለሚያጥራቸው ፓፍ ይገዛ፤ የወር ወጪው ሲያልቅ ፓፉን በየሁለት ቀኑ የሚያብቃቃ ተማሪ አውቃለሁ። ሌላው፣ አስም ያለባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ለዶርም ጓደኛችሁ ፓፋችሁ የት እንዳለ አሳዩት። የእኛው ወንድም አሁን ከሻንጣው አውጥቶ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይዞታል፤ ጃኬቱን ሲያጥብ ፓፉን ማን እንደሚይዝለት ደግሞ ተራ አውጥተናል።