ጤናችን፦ ከጀርባ ውሃ ሲቀዳ

አንድ አባት ተማሪያችን ስለ ልጃቸው ጠየቁን። ልጁ አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ አትላስ በሚባለው ሰፈር ፎቅ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነው። ድንገት አተኮሰው። ራሱን አመመው። አንገቱ ደረቀ። ሐኪሞች «ከጀርባህ ውሃ ይቀዳና ይመርመር» አሉት። ልጁ ለአባቱ ደወለ። አባትም «እንዳታስነካ! ሽባ ትሆናለህ» አሉት። ደግነቱ ልጁ ሐኪሞቹን ሰማ። ማጅራት ገትር ሆኖ ተገኘ፤ ታክሞ ዳነ። ግን ከተቀዳ በኋላ 3 ቀን ብርቱ ራስ ምታት ያዘው። «ታዲያ ጉዳት የለውም ወይ?» አሉን አባት።

ማጅራት ገትር ቀላል በሽታ አይደለም። በ1981 ዓ.ም. በአገራችን ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዟል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ ክትባት ተሰጥቷል። ሆኖም በሽታው ብዙ ዓይነት ስለሆነ ጨርሶ አልጠፋም። በትክክል የሚለየውም ይኸው የጀርባ ውሃ ነው። «አታስነካ» የሚለው ምክር ሰው ይገድላል።

ስለ ሽባነቱ እንናገር። በአከርካሪያችን ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ወገብ ላይ ሲደርስ ያልቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው። የሚቀዳው ውሃም ከአንድ ሲኒ ቡና በጣም ያንሳል። ሰውነታችን በቀን ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ ይሠራል።

ራስ ምታቱ ግን እውነት ነው። መርፌው የበሳው ቀዳዳ ቶሎ ካልደፈነ ውሃው ያንጠባጥባል። ሰውየው ሲቀመጥ ራሱን ያመዋል፤ ሲተኛ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

መከላከያው መርፌው ላይ ነው። ቢላ ጋቢ ላይ ቢሰካ ክሩን ይበጥሳል። ወስፌ ግን ክሩን ገለጥ አድርጎ ያልፋል። እንደ ወስፌው ክሩን የሚገልጥ ቀጭን መርፌ አለ፤ በእሱ ሲቀዳ ራስ ምታቱ ይቀንሳል። «እንዲህ ያለው መርፌ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ብዙ ሰዓት መተኛት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አይከላከለውም። ቡናም ያስታግሳል፤ በዚህ እንኳ የእኛ ሰው አይቸገርም።

ከመቀዳቱ በፊት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ሲደማ ቶሎ የማይቆምለት፣ ጀርባው ላይ ቁስል ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ሲቀዳ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ አይንቀሳቀስ።

ከተቀዳ በኋላ እግሩ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት ከከለከለው፣ እንደገና ካተኮሰው፣ ከተወጋው ቦታ ውሃ ወይም ደም ከፈሰሰ፣ «ይንጋ» ሳትሉ ወደ ሆስፒታል መልሱት።