የልጆች ዓምድ፦ እንቆቅልህ? ምን አውቅልህ!

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ለሁሉም ሰው አጥርታ ስትለቅ፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ «ፈልጋችሁ አግኙ» አለ። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ተባለ። ያገኘ ሰው ስሙን ይጽፋል፤ ዕቃ ከወሰደም በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል።

እኛ ጂፒኤስ ባይኖረን እንቆቅልሽ አለን። ወላጆች፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቦታ ምረጡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየመጣችሁ ፍንጭ አዘጋጁ።

አንደኛ፦ «አፍ አለው አይበላም፣ ሲያለቅስ ሰው ይሰለፋል።» መልሱ ቦኖ ነው።
ሁለተኛ፦ ከቦኖው ወደ ፀሐይ መግቢያ 60 እርምጃ።
ሦስተኛ፦ ክሊኒኩ ጋ ለሁለት የተቀደደ ወረቀት። ግማሹ ለአንዱ ቡድን፣ ግማሹ ለሌላው። ካልተስማሙ አይነበብም።
አራተኛ፦ ትምህርት ቤት፤ ደብተርና እርሳስ የያዘ ሣጥን።

መመለስ ያቃተው ቡድን እንደ ደንባችን አገር ይስጥ፦ ጎንደር፣ መተማ፣ ሁመራ። እዚሁ የተወለዱት የአገራቸውን ከተሞች ስም በዚያው ይለምዳሉ።

ማሳሰቢያ! የኒው ሀልፋ ሜዳ ገላጣ ነው፤ መደበቂያ ብላችሁ ጉድጓድ አትቆፍሩ። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ጦርነት ያየ አገር ነውና ልጅ የማያውቀውን ብረት መሬት ላይ ቢያይ አይንካ፣ ሮጦ ለትልቅ ሰው ይንገር። ስለዚህ ፍንጩ ሁሉ በየጣቢያው በሚቆሙ እናቶችና አባቶች እጅ ይሁን።

ቦኖውን፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን በጨዋታ የለየ ልጅ፣ የጠፋ ቀን መንገዱን አይስትም። ቸር ይግጠመን!