ጂኑ ብቻውን አይገድልም

አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ከገባባቸው ሁለት ሕሙማን አንዱ ድኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላው ይሞታል። ይህን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት በባክቴሪያው ዘረ-መል ላይ ነው። ገዳዩን ዝርያ ከሌላው የሚለይ ጂን ቢገኝ፣ ሐኪሙ የትኛው ሕመምተኛ የባሰ አደጋ ላይ እንዳለ ገና በመጀመሪያው ቀን ባወቀ ነበር። እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራናል። የባክቴሪያው ጂን የሕመምተኛውን ዕጣ አጥብቆ የሚወስነው እኛ ከምንሰጠው መድኃኒት ጋር ሲጋጠም ነው። በተለይ እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ገንዘቡም ጉልበቱም ይህን ተከትሎ መሄድ አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

በፈረንሳይ የተሠራውን እንይ። ኢ. ኮላይ አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖር፣ ወደ ደም ሲገባ ግን ለሞት የሚያደርስ ባክቴሪያ ነው። ደማቸው ውስጥ ይህ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 1,051 አዋቂዎች ክትትል ተደርጎላቸው 13 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ሞትን አስቀድሞ በመጠቆም ከባክቴሪያው ጠባይ ይልቅ ክብደት የነበራቸው የሕመምተኛው ዕድሜ፣ እንደ ጉበት መጠጠር ያሉ ተደራቢ ሕመሞችና ባክቴሪያው ወደ ደም የገባበት በር ነበሩ። በሽንት ቧንቧ በኩል የገባባቸው ሰዎች የተሻለ ዕድል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ900 በላይ የኢ. ኮላይ ናሙናዎችን ዘረ-መል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ የሞቱትን ሰዎች ባክቴሪያ ከተረፉት ጋር አነጻጸረ። ባክቴሪያው በየት በኩል እንደገባ የሚጠቁሙ ጂኖች ተገኙ፤ ከሽንት ቧንቧ ሕዋሳት ጋር የሚጣበቅባቸውን ፀጉር መሰል ክሮች የሚሠሩ ናቸው። ሞትን የሚጠቁም ጂን ግን አልተገኘም። እንዲህ ያለ ውጤት የጋዜጣ ርዕስ አይሆንም፤ ለእኔ ግን ታላቅ ግኝት ተብለው ከተወደሱት ከብዙዎቹ ይበልጥ ያስተምራል።

ከዚህ ተነሥቶ ጂን ለውጥ አያመጣም የሚል ግን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ሜሪኖ የተባለ የሕክምና ሙከራ በዘጠኝ አገሮች ባሉ 26 ሆስፒታሎች ተካሄደ። ደማቸው ውስጥ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ ወይም ክሌብሲዬላ የተባለ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ሜሮፔነም፣ ሌላው ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም ተሰጠው። ሁለቱም መድኃኒቶች ባክቴሪያውን እንደሚያጠፉት የየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ አረጋግጦ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ ግን ሜሮፔነም ከተሰጣቸው 3.7 በመቶ፣ ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም ከተሰጣቸው 12.3 በመቶ ሞቱ። ሙከራው ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ምን ተፈጠረ? ናሙናዎቹ በኋላ በጥንቃቄ ሲመረመሩ ብዙዎቹ ኦክሳ-1 የተባለ ጂን ተሸክመው ተገኙ። ይህ ጂን የሚያሠራውን፣ መድኃኒቱን የሚሰብረውን ኢንዛይም ታዞባክታም በሚገባ አይገታውም፤ ስለዚህ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመቋቋም ጫፍ ላይ ይደርሳል። የተለመደው የምርመራ ዘዴ ደግሞ እንዲህ ጫፍ ላይ ያለውን ባክቴሪያ መድኃኒቱ ይሠራበታል ብሎ ያሳልፈዋል። በተሻለው ምርመራ መድኃኒቱን ሲቋቋሙ የተገኙት ከስሌቱ ሲወጡ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የሞት ልዩነት ጠበበ። ኦክሳ-1 ባክቴሪያውን የባሰ መርዘኛ አላደረገውም። ሜሮፔነም በጊዜው ለደረሰው ሰው ያው ጂን ብዙም የሚያሰጋ አልነበረም።

መድኃኒትን ሳይነካ በሽታውን የሚያከፋ ጂንም አለ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሕፃናትን ደም የሚያጠቃውን ኤስቲ313 የተባለ የሳልሞኔላ ዝርያ ያጠኑ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዘረ-መሉ ውስጥ የአንዲት ፊደል ለውጥ ምን እንደሠራች አሳይተዋል። ለውጧ ባክቴሪያው አንድ ፕሮቲን በብዛት እንዲያመርት አደረገች፤ ያ ፕሮቲን ደማችን ባክቴሪያን የሚገድልበትን ኃይል ያከሽፋል። የአንዲት ፊደል ነገር! ያም ሆኖ ይህ ዝርያ አብዝቶ የሚያጠቃው ወባ፣ የምግብ እጥረት ወይም ኤችአይቪ ያዳከመውን አካል ነው። በጋምቢያና በኬንያ ወባ ሲቀንስ የዚህ ዓይነቱ የሳልሞኔላ ሕመምም አብሮ መቀነሱ ተመዝግቧል፤ የባክቴሪያውን ጂን የነካው ግን ማንም አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በጨቅላ ሕፃናት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሰባት የአፍሪካና የደቡብ እስያ አገሮች የተካሄደው ባርናርድስ የተባለ ጥናት አዲስ አበባ የሚገኘውን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልንም ያካተተ ነበር። ከሕፃናቱ ደም ከተገኙት ባክቴሪያዎች ግንባር ቀደሙ ክሌብሲዬላ ነው። ለእንዲህ ያለው የጨቅላ ሕፃናት ሕመም የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ እንዲሰጡ የሚመክረው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲንን ነው። በጥናቱ ከተመረመሩት፣ ክሌብሲዬላን ከሚጨምሩት ግራም-ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ግን 97 በመቶ ያህሉ አምፒሲሊንን፣ 70 በመቶ ያህሉ ጄንታማይሲንን የተላመዱ ሆነው ተገኙ። ሕፃኑ በመመሪያው መሠረት ይታከማል፣ መርፌውም በሰዓቱ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ግን ለዚያ ባክቴሪያ እንደ ውኃ ነው። እናቲቱ ልጇ በሕክምና ላይ እያለ መሞቱን ታውቃለች፤ የተሰጠው መድኃኒት ከመጀመሪያውም ሊሠራ የማይችል እንደነበር የሚነግራት የለም። ይህ ያስቆጣኛል።

በዚሁ ጥናት የተደረገው የዘረ-መል ንባብ ሌላም ነገር አሳይቷል። በአንድ ሆስፒታል ከተለያዩ ሕፃናት ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዳንዶቹ እርስ በርስ እጅግ የተቀራረቡ ነበሩ፤ ባክቴሪያው እዚያው ክፍል ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው የቧንቧ ውኃ፣ የታጠበ እጅና በቂ አልጋ ነው።

ስለዚህ ከዘረ-መል ማንበቢያው መሣሪያ በፊት የደም ካልቸር ጠርሙስ ይቅደም እላለሁ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ተቀድቶ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያው ሲያድግ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ይፈተናል፤ ሐኪሙም በሁለት ሦስት ቀን ውጤቱን ይዞ መድኃኒቱን ያስተካክላል። ዘረ-መሉ የሚነበበውም ብዙውን ጊዜ ካደገው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ካልቸር የማይሠራ ሆስፒታል ለመሣሪያው የሚያቀርበው ነገር የለውም። ማንበቢያው በማዕከል፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሆኖ ከየክልሉ ናሙና ቢሰበስብ የትኛው ጂን የት እየተስፋፋ እንደሆነ ይለያል፤ የሕክምና መመሪያውንም በዚያ መሠረት ማደስ ይቻላል።

ናሙናው ሲላክ ደግሞ ለብቻው አይላክ። ሕፃኑ ስንት ኪሎ ሆኖ እንደተወለደ፣ መጀመሪያ ምን መድኃኒት እንደተሰጠው፣ መድኃኒቱ መቼ እንደተቀየረ፣ በ28ኛው ቀን በሕይወት መኖር አለመኖሩ አብሮ ይጻፍ። ይህ መረጃ ከሌለ በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ባክቴሪያ ስለ ጂኑ ይናገር ይሆናል፤ ስለ ሕመምተኛው ግን ምንም አይነግረንም።