ኃይሉ መርጊያ ከየት ነው የተመለሰው?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቡና እየጠጡ ስለ ሙዚቃ የሚያወሩ ወጣቶችን ስለ ኃይሉ መርጊያ ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ አንድ ታሪክ ነው የሚነግሯችሁ። የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች አሜሪካ ቀረ፣ ተረሳ፣ ታክሲ ነዳ፤ በመጨረሻ አንድ ፈረንጅ ካሴቱን አግኝቶ አፈላልጎ አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» በተባለው አልበም ወደ ሙዚቃ ተመለሰ። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፣ የውጭ ጋዜጦችም ደጋግመው ጽፈውታል። እኔ ግን ይህ ታሪክ አልበሙን ጋርዶብናል ባይ ነኝ። ስለ ታክሲው የሚያወራ ሞልቷል፤ ሰውየው ምን ተጫወተ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል።

«ተረሳ» ከሚለው እንጀምር። ማን ነው የረሳው? ያ ፈረንጅ፣ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን የኃይሉን የ1985 (እ.ኤ.አ.) ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በአገሩ ከተማ የሚገኝ ካሴት ጠፍቶ ነበር ሊባል አይችልም። የሆነው ሌላ ነው። እኛ የድምፃዊ አድማጮች ነን። በመሣሪያ ብቻ የተሠራን ሙዚቃ የፕሮግራም መሸጋገሪያ፣ የእራት ማጀቢያ አድርገን ነው የምናየው። ዜማውን እናውቀዋለን፣ ማን እንደተጫወተው ግን አንጠይቅም። ኃይሉ የቀረበት ነገር ቢኖር ይህ ዕውቅና ነው፤ እሱ ደግሞ የቀረበት አሜሪካ ከመሄዱም በፊት ነው።

«ሙዚቃ ትቶ ነበር» የሚለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ለሙዚቃ ጉዞ ከቦሌ ተነሥቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ ከቀሩት ወገን ሆነ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለረጅም ዓመታት መድረክ ላይ አልወጣም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህን ሰዎች የሚያነሡት ከንፈር ለመምጠጥ ነው። እኔ የማየው ሰው ሳያየው፣ ሳይከፈለው፣ ልምምዱን ያላቋረጠ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ነው የሚመለሰው?

አሁን ወደ ሙዚቃው። «ላላ በሉ» የሚከፈተው በ«ትዝታ» ነው፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ኃይሉ የሚጀምረው በአኮርዲዮን ነው፤ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ሳለ በያዘው መሣሪያ። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ግፊት ሲበረታ ድምፁ ያብጣል፣ ሲላላ ይሳሳል፤ እያንዳንዱ የዜማ ሐረግ እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ ይጀምራል፣ ይጎተታል፣ ያልቃል። አድማጭ በዚህ ጊዜ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ለመተከዝ ይዘጋጃል። በትዝታ የለመድነው ይህንኑ ነውና። ከዚያ ግን ቤዙና ድራሙ ይያያዛሉ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ኃይሉም አኮርዲዮኑን ትቶ ወደ ኪቦርዱ ይሻገራል። ቅኝቱ አልተለወጠም፤ እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው። አሁን ግን የሚያስተክዙት ድምፆች ያስጨፍራሉ። ትዝታን ከለቅሶ አውጥቶ ትከሻ ላይ ማስቀመጥ የናፈቀ ሽማግሌ ሥራ አይደለም። ቅኝቱ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ለመፈተን የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው።

አንድን ዜማ አሥር ደቂቃ የመያዝ ትዕግሥት ከየት መጣ ካላችሁ ዋሊያስ ይጫወትበት ከነበረው ከአዲስ አበባው ሒልተን ሆቴል ነው። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን ሒልተን የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበርና ዋሊያስ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። አንድን ዜማ በሦስት ደቂቃ መዝጋት ያኔ የሚያዋጣ አልነበረም። በዋሊያስ ጊዜ ግን ዜማውን ሳክስፎንና መለከት ይሸከሙለት ነበር። በ«ሸሞንሟናዬ» ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን አቀናጀ፤ የባንዱን ሥራ በሁለት እጁ ወሰደ። በ«ላላ በሉ» ደግሞ ከአውስትራሊያውያኑ ማይክ ማይኮቭስኪ በቤዝና ቶኒ በክ በድራም ጋር ሦስት ሆኖ፣ የትንፋሽ መሣሪያ በሌለበት፣ ብቻውን የተማረውን ሕያው ምት ላይ ፈተነው። ከዋሊያስ ጋር ከሠራው የ1977ቱ አልበም «ቸ በለው» ወደ 1985፣ ከዚያ ወደ 2018 የሚሄደው መስመር አንድ ነው፤ መሐሉ ላይ የተቆረጠ ነገር አልሰማም። መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» በፒያኖ ብቻ የተሠራ ነው። ከሙሉ ባንድ ተነሥቶ አንድ ፒያኖ ላይ የደረሰውን ይህን ጉዞ ሳያዩ ስለ መመለስ ማውራት ሰውየውን መበደል ነው።

«የፈረንጅ ገንዘብ ባይኖር አልበሙ አይወጣም ነበር» የሚሉ አሉ። ይሁና። ያሳተመው ሌላ፣ የተጫወተው ሌላ። «አጃቢዎቹ ፈረንጆች ስለሆኑ ለዛው ተለውጧል» ለሚሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ በዚሁ አልበም ያለውን «አንቺሆዬ ለኔ»ን ደግመው ይስሙት።

መመለስ፣ ናፍቆት፣ ወርቃማ ዘመን የሚለውን ወሬ ፈጽሞ የሚያፈርሰው የ2020ው «የኔ ምርጫ» ነው። ኃይሉ በዚህ አልበም ውስጥ የቴዲ አፍሮን «ሸመንደፈር» ተጫውቶታል። የሒልተኑ ኦርጋን ተጫዋች ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ገና ሕፃን የነበረ ድምፃዊን ዜማ አንሥቶ፣ ግጥሙን ትቶ፣ በጣቱ ሲያወጣው አስቡት። ወደ ኋላ የሚያይ ሰው እንዲህ አይመርጥም። ማሲንቆም ከጎኑ አሰልፏል፤ ለጌጥ ሳይሆን የዜማው ተሸካሚ እንዲሆን።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ ከ«ሸሞንሟናዬ» ወዲህ በዋናነት በመሣሪያ ከተሠሩ የኢትዮጵያ አልበሞች «ላላ በሉ»ን የሚስተካከል የለም። ይህን ያለው የለንደን ወይም የኒው ዮርክ ጋዜጣ ከሆነ እናምናለን፣ እኛው ስንለው ግን እናፍራለን። ከቦሌ መንገድ እስከ ገርጂና መገናኛ ድረስ በተደረደሩት ሆቴሎችና ክለቦች ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች በየምሽቱ አሉ፤ ከዘፋኙ ጀርባ ቆመው፣ ስማቸው ሳይጠራ። ከእነሱ መሐል አሥር ደቂቃ ሙሉ ያለ ዘፋኝ መጫወት የሚችል እንዳለ አልጠራጠርም። ባለሆቴሎቹ በሳምንት አንድ ምሽት ማይክሮፎኑን አንሥተው መድረኩን ለእነሱ ይልቀቁ፤ የተጫዋቾቹንም ስም በር ላይ ይለጥፉ።