ለቱሪንገኑ የብስክሌት መንገድ፣ የዘገየ ምስጋና

ውድ የቱሪንገን የብስክሌት መንገድ፣

በጀርመን ምድር ከአይዘናህ ተነሥተህ በጎታ፣ በኤርፉርት፣ በቫይማርና በየና አድርገህ እስከ አልተንቡርግ ትዘልቃለህ። መንገደኛው ሁሉ ግንቦቹንና ከተሞቹን ያደንቃል፤ እዚያ ያደረስከውን አንተን ግን ዞር ብሎ የሚያመሰግን የለም። ስለዚህ ዕዳዬን አንድ በአንድ ልቁጠርልህ።

የመጀመሪያው ዕዳዬ ዝግታ ነው። በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት የምንነዳው ተከራይተን ነበር፤ ሰዓቱ ሳያልቅብን ስለምንሽቀዳደም ብስክሌትና ጥድፊያ ለእኔ አንድ ነበሩ። አንተ ግን አታስቸኩልም። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም፤ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ይነፍሳል። ከጎታ ወደ ኤርፉርት ሲኬድ ሦስቱ የግላይሸን ግንቦች በየኮረብታቸው ላይ ይታያሉ፤ አንዱ ብቅ ሲል ሌላው ይሸሸጋል። ሁለቱ ፍርስራሽ ናቸው፤ ሦስተኛው ቫክሰንቡርግ ግን ታድሶ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። በባቡር ቢሆን ኖሮ ሦስቱም በመስኮት ሽው ብለው ያልፉኝ ነበር።

ሁለተኛው ዕዳዬ የቫርትቡርግ ግንብ ነው። አይዘናህ ላይ ገና ሳልጀምር ዳገት አሳየኸኝ፤ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 በዚያ ግንብ ተሸሽጎ፣ ጺሙን አሳድጎና ስሙን ለውጦ፣ ሐዲስ ኪዳንን በጥቂት ወራት ውስጥ ከግሪክ ወደ ጀርመንኛ መለሰ። የሠራባት ክፍል ጠባብ ናት። ትልቅ ሥራ ትልቅ አዳራሽ እንደማይፈልግ ያየሁት እዚያ ነው።

ሦስተኛው የሆድ ዕዳ ነው፤ እሱንም አልክድም። ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ በቀር፣ በከሰል የተጠበሰውን የቱሪንገን ቋሊማ በዳቦና በሰናፍጭ ሳልቀምስ አንድም ከተማህን አላልፍም። ኤርፉርት ላይ ቋሊማዬን ይዤ እ.ኤ.አ. በ1325 በድንጋይ ወደተሠራው የነጋዴዎች ድልድይ እሄዳለሁ። በግራና በቀኝ ቤቶች ስለተደረደሩበት ወንዙ አይታይም፤ ሰዎች ዛሬም ይኖሩበታል።

ትልቁን ዕዳ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ጎታ ላይ ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ወሰድከኝ። የጎታው መስፍን ኤርንስት ይህን ቤተ መንግሥት መገንባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1643፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳያበቃ ነበር። ግንባታው ሳያልቅ በ1652 አንድ የአገሬ ሰው በዚያ በር ገቡ፤ የአማራው ካህን አባ ጎርጎርዮስ። የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ ተዋውቋቸው ስለነበር፣ በመስፍኑ ግብዣ ወደ ጎታ መጡ። ስለ አገራችን ታሪክ፣ ሃይማኖትና ቋንቋ የሚጠየቁትን ሁሉ በትዕግሥት አስረዱ። አባታችን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በ1658 መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የተማረውን አልጣለም፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሰዋስዉ የታተመው እኔ በምኖርባት በፍራንክፈርት ነው።

በዚህች አገር ስኖር ራሴን የቅርብ ጊዜ እንግዳ አድርጌ እቆጥር ነበር። ጎታ ስደርስ ግን ከእኔ በፊት የአገሬ ሰው በሊቅነቱ ተጠርቶ መጥቶ፣ ወንበር ተሰጥቶት አስተምሮ እንደሄደ አየሁ። ይህን ያህል ክብር በአንድ ጉዞ ማን ይሰጣል?

ዕዳዬን በደብዳቤ ብቻ ከፍዬ አልጨርሰውም። ስለዚህ የፍራንክፈርት ወዳጆቼን ሁሉ በጋ በመጣ ቁጥር «ብስክሌታችሁን ባቡር ላይ ጭናችሁ አይዘናህ ውረዱ፤ አባ ጎርጎርዮስ የገቡበትን በር ሳታዩ ጀርመንን አየን አትበሉ» እያልኩ ወዳንተ እልካለሁ። ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አክባሪህ፣
አንድ የፍራንክፈርት ብስክሌተኛ