«የውስጥ ጉዳይ» የምትባል ቁልፍ

«ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል ያገራችን ሰው። ዳኛው ወንበሩ ላይ ተሰይሞ «አልሰማም» ካለስ?

ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ከኢሮኳይ ስድስቱ ሕዝቦች አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጎን ተዋግተው አገራቸውን ሲያጡ፣ በ1784 ዛሬ ካናዳ በምትባለው አገር በግራንድ ወንዝ ዳር መሬት ተሰጣቸው። «እኛ የዘውዱ አጋር እንጂ ገባር አይደለንም» ብለው በአያቶቻቸው ሸንጎ ሲተዳደሩ ኖሩ። የካናዳ መንግሥት ግን «በሕጌ እደሩ» አላቸው።

በ1923 የካዩጋው አለቃ ደስካሄ በገዛ ሕዝባቸው ፓስፖርት ጄኔቭ ገቡ። የመንግሥታት ማኅበር ሕዝባቸውን ነፃ ሕዝብ ብሎ እንዲያውቅ ለመጠየቅ ነበር። ከዓመት በላይ ደጅ ጠኑ። አየርላንድ፣ ፋርስ፣ ፓናማና ኤስቶኒያ «አቤቱታው ለጉባኤው ይቅረብ» ቢሉም፣ እንግሊዝና ካናዳ «የውስጥ ጉዳይ ነው» ብለው አስቆሙት። አለቃው ጉባኤው ፊት ሳይቆሙ ቀሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህችው «የውስጥ ጉዳይ» ናት። ክርክሩ እኮ «ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ?» የሚል ነው! ተከሳሹ ራሱ «ውስጥ ናቸው» ብሎ፣ ዳኛው በዚያው መዝገቡን ከዘጋ፣ ምኑ ፍርድ ሆነ?

በ1924 ካናዳ ሸንጎውን አፈረሰች። ፖሊስ የቃል ኪዳን ዶቃዎቹን ወሰደ። በምትኩ ጥቂት ሰው ብቻ ድምፅ የሰጠበት «ምርጫ» መጣ። ደስካሄም በ1925 በስደት፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አረፉ።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? ያው ማኅበር በዚያው በ1923 ኢትዮጵያን በአባልነት ተቀብሏል። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ሲጮሁ ግን ወንበራችን ከጣሊያን አላዳነንም። አለቃው ከደጅ ተመለሱ፣ እኛ ገብተን ተካድን። የጉልበተኞች ዳኝነት ለደጁም ለውስጡም ያው ነው።

በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት ሲያውጅ፣ «አይሆንም» ካሉት አራት አገሮች አንዷ ካናዳ ነበረች። ኋላ ሐሳቧን ቀይራለች። በ2010 ደግሞ የኢሮኳይ ልጆች ላክሮስ የተባለውን የራሳቸውን ጨዋታ በዓለም ሻምፒዮና ሊጫወቱ በፓስፖርታቸው ቢነሱ፣ ያችው እንግሊዝ አላስገባም አለች።

«አቤት ባይ ሁሉ ጄኔቭ ከወጣማ አገር ይፈርሳል» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን መስማት ማለት መፍረድ አይደለም፤ ሰምቶም «አይገባችሁም» ማለት ይቻላል። ሳይሰሙ በር መዝጋት ግን ዳኝነት አይደለም፤ ጉልበት ነው። የግራንድ ወንዝ ሸንጎ ደግሞ ፈረሰ ከተባለ መቶ ዓመት አልፎትም ዛሬም ይሰበሰባል። በር መዝጋት ጥያቄን አይገድልም።